ግሬደሩ ወደ ግራ ሲታጠፍ ሞተሩን ያጣል፦ ከምሥራቅ ጎጃም የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሰኞ፣ ከቀትር በኋላ

ማሽኑ ሞተር ግሬደር ነው፤ መንገድ በምላጭ የሚደለድል፣ ወገቡ ላይ ግራና ቀኝ የሚታጠፍ ማሽን፤ የቆመው ከሉማሜ ወጣ ብሎ በሚሠራ የጠጠር መንገድ ላይ ነው። ክረምቱን ያለ ሥራ ከርሟል። ከመስቀል በኋላ ዋልካው መጠንከር ሲጀምር ሥራው ተከፈተ፤ ግሬደሩም ወዲያው መሐል መንገድ ላይ ይገተር ጀመር። ባለቤቱ ያለው ባሕር ዳር ነው። በስልክ የነገረኝ አጭር ነበር፦ «የሞተሩ ኮምፒውተር ተቃጥሏል ብለውኛል። አንተ ብቻ እሺ በለኝና ልዘዘው።»

ምርመራው ሳይጀመር ፍርዱ አልቋል ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው፤ የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል፤ ቢደርስም በአምራቹ ፕሮግራም ካልተጫነ ባዶ ሣጥን ነው። እሺ የምለው መልቲሜትሩ፣ የኤሌክትሪክ መለኪያዬ፣ እሺ ሲለኝ ነው።

መጀመሪያ የጠየቅሁት ኦፕሬተሩን ነው። ማሽኑ ላይ ያረጁ ሰው ናቸው፤ እስካሁን ግን ማንም ቀርቦ አላነጋገራቸውም። «ጋሼ፣ መቼ ነው የሚጠፋው?» ስላቸው አላመነቱም። «ቀጥ ብዬ ስሄድ ደህና ነው። ወገቡን ወደ ግራ ሳጥፈው የሞተሩ መቁጠሪያ ዜሮ ይገባል፣ ማርሹ ወደ ገለልተኛ ይወርዳል፣ ነዳጅ ብሰጠው አይሰማኝም። ሞተሩ ግን አይጠፋም፤ እንደተነሣ ይቆያል።»

እዚህ ላይ የባለቤቱ ጉዳይ በግማሽ ተፈታ። ኮምፒውተሩ የተቃጠለ ሞተር ተነሥቶ አይቆይም። ናፍጣውን በየሲሊንደሩ የሚያካፍለው፣ የመርጫውን ሰዓት የሚወስነው እሱ ነው። ሞተሩ እየሠራ ዳሽቦርዱ ዜሮ ካሳየ፣ የሞተሩ ኮምፒውተር በሕይወት አለ፤ ካቢኑ አይሰማውም እንጂ። ማርሹ የወረደውም ስለዚሁ ነው። በዚህ ማሽን ላይ የማርሹ መምረጫና የነዳጁ ፔዳል የሚያዙት በገመድ ወይም በዘንግ ሳይሆን በመረጃ መስመር ነው፤ ትእዛዙ ካልደረሰ ካምቢዮው ለደኅንነት ሲባል ገለልተኛ ይሆናል፣ ሞተሩም ወደ ዝቅተኛ ዙር ይመለሳል። ሜዳ ላይ ሲሆን ያናድዳል። ቁልቁለት ላይ ሲሆን ግን ሰው ይገድላል፤ ኦፕሬተሩን ችግሩ እስኪፈታ ከሜዳው እንዳይወጡ ለምኜአቸዋለሁ።

ሰኞ ማታ

ባትሪዎቹ ደካሞች ናቸው። ሁለት ባለ 12 ቮልት በተከታታይ ታስረው 24 ቮልት ይሰጣሉ፤ ቆመው ሲለኩ 24.1 ብቻ አሉ። ሞተር ሲነሣ ወደ 17 ይወርዳሉ። ሙሉ የሆነ ጥንድ ሲያርፍ ከ25.2 በላይ ማንበብ አለበት። የባትሪው ማሳ (የኔጌቲቩ) ኬብል ከሻሲው ጋር የሚታሰርበት ቦታም ዝጎ ነበር፤ ሞተር በሚነሣበት ሰዓት ከባትሪው ማሳ እስከ ሻሲው ያለው ልዩነት 0.9 ቮልት አሳየ። ከግማሽ ቮልት መብለጥ አልነበረበትም። በብረት ብሩሽ ተፍቆ፣ ቡሎኑ ተጠብቆ ወደ 0.2 ወረደ። ባትሪዎቹ ቻርጀር ላይ ያድራሉ።

ይህ የማጠፊያውን ችግር እንደማይፈታ አውቃለሁ። ግን በደከመ ባትሪ የተመዘገበ የብልሽት ኮድ ሁሉ ውሸታም ነው፤ ኮምፒውተሮቹ ሞተር ሲነሣ ለቅጽበት ራሳቸውን ስተው ይነቃሉ፣ ሲነቁም እርስ በርስ «ጠፋህብኝ» ይባባላሉ። ያንን ጭቅጭቅ ሳላጠራ ኮድ ማንበብ አልፈልግም።

ፎርማኑ ደግሞ የተሰነጠቀውን መሰላል «እግረ መንገድህን በያጅ እንጠራለት?» አለኝ። ይጠራ፤ ግን ምርመራው ሲያልቅ፣ ባትሪው ተፈትቶ፣ የኮምፒውተሮቹ ሶኬት ተነቅሎ፣ የብየዳው ማሳም ከሚበየደው ብረት አጠገብ ተይዞ። ኮምፒውተር በእርጅና ሲሞት ብዙ አላየሁም፤ በብየዳ ሲሞት ግን አይቻለሁ።

ማክሰኞ፣ ጠዋት

ባትሪ 25.4። የድሮውን ኮድ መዝግቤ አጠፋሁት፤ ኦፕሬተሩ ሜዳው ላይ ማሽኑን ቀጥ አድርገው ከዚያም ወደ ግራ አጥፈው ነዱት። ኮዱ ተመለሰ፤ አሁን ግን በሥርዓት ነው የተመለሰው።

የማሽኑ ኮምፒውተሮች በመረጃ መስመሩ ላይ በሚነጋገሩበት ቋንቋ፣ በጄ1939፣ እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱ አድራሻ አለው፤ ሞተሩ 0፣ ካምቢዮው 3 ነው። የብልሽቱ ዓይነት ደግሞ ኤፍ ኤም አይ በሚባል ቁጥር ይነገራል። እዚህ የበዛው 9 ነው፤ መልእክቱ በሚጠበቅበት ሰዓት አልደረሰም ማለት ነው። አልፎ አልፎ 19 አለ፤ ከመስመሩ የመጣው መረጃ የተሳሳተ ነው ማለት ነው። ከእነዚህ ጋር ኤስ ፒ ኤን (ብልሽቱ የት እንዳለ የሚጠቁም ቁጥር) 639 የሚል ተመዝግቧል፤ እሱ የሚናገረው ስለ ዋናው የመረጃ መስመር ስለ ራሱ ነው።

ብዙ ሰው ኮድ ሲያነብ የተከሰሰውን ብቻ አይቶ ይነሣል። እኔ ወረቀት ላይ ከሳሽና ተከሳሽ ብዬ ሁለት ዓምድ አሰምራለሁ። ዛሬ የወጣው ይህ ነው፦ ዳሽቦርዱ ሞተሩንና ካምቢዮውን ይከሳል። የምላጩ መቆጣጠሪያም እንዲሁ። ሞተሩና ካምቢዮው ካቢኑን ይከሳሉ። ሞተሩ ካምቢዮውን አይከስም፣ ካምቢዮውም ሞተሩን አይከስም። ዳሽቦርዱና የምላጩ መቆጣጠሪያም በመካከላቸው ሰላም ነው።

የዚህ ግሬደር ካቢን የተሠራው በፊተኛው አካል ላይ ነው፤ ሞተርና ካምቢዮ በኋለኛው። ሁለቱ ወገኖች የሚለያዩት ወገቡ ላይ ባለው ማጠፊያ ነው። የኋላዎቹ እርስ በርስ ይሰማማሉ፣ የፊቶቹም ይሰማማሉ፤ የተቋረጠው መሐል ላይ ነው። አንድ ቡሎን ሳይፈታ እዚህ ደረስን።

ባለቤቱ ዘንድ ደወልኩ። «ታዲያ ሁሉም ኮድ ሞተሩን ነው የሚለው» አለኝ። ሞተሩ የተከሰሰው ብዙ ስለሚናገር ነው። የዙር ፍጥነቱን ብቻ በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ይልካል፤ ዝም ሲል ቶሎ ይታወቅበታል።

ማክሰኞ፣ ከቀትር በኋላ

መልቲሜትር። ሞተር ጠፍቶ፣ ቁልፍ ተዘግቶ፣ የባትሪው ዋና ማጥፊያ ወርዶ፤ መስመሩ ላይ ቮልት እያለ ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም) መለካት ከንቱ ነው።

ረዳቴ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በቅርቡ የወጣ ልጅ ነው፤ ለምን 60 ኦም እንደምንፈልግ ጠየቀኝ። መስመሩ ሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎች ናቸው፤ ካን ሃይና ካን ሎው። በሁለቱ ጫፎች ላይ በመካከላቸው አንዳንድ ባለ 120 ኦም ሬዚስተር ይቀመጣል፤ ምልክቱ ጫፍ ደርሶ ተንጸባርቆ እንዳይመለስና ራሱን እንዳያበላሽ። ሁለት 120 ጎን ለጎን ሲታሰሩ 60 ይሆናሉ። ስለዚህ 60 ካነበብህ መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሙሉ ነው፤ 120 ካነበብህ አንዱ ጫፍ የለም፤ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል። ካን የሚባለውን ይህን የመረጃ መስመር አሠራር ቦሽ በ1983 እ.ኤ.አ. ለመኪና ጀምሮት በ1986 ዲትሮይት ላይ ለሕዝብ አሳየው። ጄ1939 ደግሞ የአሜሪካ መኪና መሐንዲሶች ማኅበር በዚያው ላይ ለከባድ ተሽከርካሪ የደነገገው ቋንቋ ነው።

የምለካው ካቢን ውስጥ ካለው ባለ ዘጠኝ ፒን የምርመራ ሶኬት ነው። በመደበኛው አቀማመጥ ሲ ሃይ ነው፣ ዲ ሎው። አንዳንድ አምራች አቀማመጡን ለራሱ ስለሚለውጠው ሥዕሉን ሳያዩ መልቲሜትር ማስገባት አይገባም፤ የዚህኛው ግን መደበኛው ነው።

ማሽኑ ቀጥ ብሎ እንደቆመ፦ 40 ኦም።

40 የሚመጣው ሦስት 120 ሲኖሩ ነው። አምራቹ ሁለት ነው ያስቀመጠው። ሦስተኛውን ማን አመጣው?

መልሱ ከጥበቃው ሽማግሌ መጣ። ጥላ ሥር ጋቢአቸውን ለብሰው ሲያዩን ቆይተው፣ «ልጄ፣ ከክረምቱ በፊት አንድ ላፕቶፕ የያዘ ሰው መጥቶ ከዚያች ከወንበሩ ኋላ አንዳች ነገር አስሮ ነበር፤ ያኔ ለሁለት ቀን ደህና ሆነ» አሉ። «አያ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ከወንበሩ ኋላ ያለውን ክዳን ከፈትኩ። በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለ ሬዚስተር ከምርመራው ሶኬት ሽቦዎች ላይ ተቀጥሏል።

የሰውየው አስተሳሰብ ይገባኛል። ማሽኑ ታጥፎ ሳለ ለክቶ 120 አነበበ፤ የኋላው ሬዚስተር ሞቷል ብሎ ሌላ ጨመረ፤ መልቲሜትሩ 60 አለው፤ ደስ ብሎት ሄደ። ቁጥሩ ተስተካከለ፣ መስመሩ ግን እንደተቋረጠ ቀረ። ከእንግዲህ ማሽኑ ታጥፎ ለሚለካው ሁሉ 60 እያነበበ ደህና ነው የሚያሰኝ ወጥመድ አኖረልን።

ሬዚስተሩን ቆርጬ አወጣሁት። ቀጥ ሲል 60። ኦፕሬተሩ ሞተሩን አስነሥተው ወደ ግራ አጠፉት፤ እንደገና ሁሉንም አጠፋፍተን ለካን፦ 120። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ፦ 60። እንግዲህ ኦፕሬተሩ ሰኞ በአፋቸው የነገሩኝን መልቲሜትሩ ማክሰኞ አረጋገጠው።

ሞተር እየሠራ ማንም ሰው ማጠፊያው መሐል እጁንም እግሩንም እንዳያስገባ። ኦፕሬተሩ ሲያጥፉ ረዳቴንና እኔን በዓይናቸው ካላዩ እንዳይነኩት ተስማምተናል፤ ቁልፉም ከታጠፈ በኋላ የሚቀመጠው እኔ ኪስ ውስጥ ነው።

ረቡዕ

ከሁለቱ ሽቦዎች የትኛው ነው የተቆረጠው? ከካቢን እስከ ሞተር የሚደርስ ረጅም የመለኪያ ሽቦ የለኝም፤ አያስፈልግምም። የኋላውን ሬዚስተር ነቅዬ፣ በእሱ ሶኬት ላይ በመጀመሪያ የሎውን ፒን በአጭር ሽቦ ከሻሲው ጋር አገናኘሁ። ማሽኑ ወደ ግራ ታጥፎ እንዳለ ካቢን ውስጥ የዲን ፒን ከሻሲ ጋር ስለካው ዜሮ ሊሆን ምንም አልቀረው፤ ሎው ደህና ነው። ከዚያ አጭሩን ሽቦ ከሎው አንሥቼ የሃይን ፒን ከሻሲው ጋር አገናኘሁ፤ ሲ በሺዎች የሚቆጠር ኦም አሳየ። የተቆረጠው ሃይ ነው።

ሽቦው በየትኛው ስንዝር ላይ እንደተቆረጠ ለማወቅ ረዳቴ መልቲሜትሩን ይዞ ካቢን ተቀመጠ፤ እኔ ቁልፉ ኪሴ እንዳለ፣ የማጠፊያው መቆለፊያ ዘንግ ገብቶ፣ ከሥር ገባሁና የሽቦውን እሽግ በእጄ እያጎበጥኩ መጣሁ። ማጠፊያው ቀኝ ጎን ላይ ስደርስ «መጣ! ሄደ! መጣ!» ብሎ ጮኸ።

እሽጉ የሚያልፈው ከማጠፊያው በስተቀኝ ነው። ማሽኑ ወደ ግራ ሲታጠፍ የቀኙ ጎን ይረዝማል፤ ሽቦው ለዚያ የሚሆን ትርፍ ልል ሊኖረው ይገባል። ነገር ግን አንድ ጊዜ የሃይድሮሊክ ቱቦ ሲቀየር እሽጉ ከጎማ ከተሸፈነው መያዣው ወጥቶ ኋላ በብረት ሽቦ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። በታጠፈ ቁጥር ይጎተታል። መሸፈኛውን ስገፈው ቢጫው ሽቦ ላይ ምንም ቁስል አይታይም፤ ላስቲኩ ሙሉ ነው። በሁለት ጣት ይዤ ትንሽ ስስበው ግን እንደ ጎማ ተለጠጠ። ውስጡ መዳብ ያለው ሽቦ አይለጠጥም። ላስቲኩን ስሰነጥቀው መዳቡ ጥቁርና አረንጓዴ ሆኖ ለሁለት ተለያይቷል፤ ሁለቱ ጫፎች ቀጥ ሲል ይሳሳማሉ፣ ሲታጠፍ ይለያያሉ። የክረምቱ እርጥበት ዝገቱን ጨመረው እንጂ በሽታው የቆየ ነው።

ፒን በላስቲክ ላይ ወግቶ መለካት ለብዙዎች ልማድ ነው። በዚህ አገር ዝናብ ያቺ የመርፌ ቀዳዳ ውኃ መጥሪያ ናት፤ እኔ ከሶኬቱ ወይም ከተገፈፈበት ቦታ ውጭ አልለካም።

ረቡዕ፣ ወደ ማታ

ሽቦ ከመቀየሬ በፊት ማረጋገጫ ፈለግሁ። ፎርማኑ ቢሮ ውስጥ የተረፈ የኮምፒውተር ኔትወርክ ገመድ ነበረ፤ ከውስጡ አንድ የተጠማዘዘ ጥንድ አውጥቼ ከማጠፊያው ውጭ ከፊት ወደ ኋላ ዘረጋሁና የተጎዳውን ክፍል ዘለልኩት። ኦፕሬተሩ ግራ አጠፉ፣ ቀኝ አጠፉ። መቁጠሪያው ዜሮ አልገባም፣ ማርሹ ያዘ። ኮድ የለም።

ፎርማኑ «ታዲያ ይኸው ይበቃል!» አለ። አይበቃም። የኔትወርክ ገመድ መዳብ አንድ ወጥ ነው፤ ማጠፊያ ላይ ቶሎ ይሰበራል። ለሙከራ እንጂ ለሥራ አይሆንም። ኦፕሬተሩ ግን ፊታቸው ፈካ፤ ሰው ያላመናቸውን ነገር ማሽኑ መሰከረላቸው።

ዓርብ

ትክክለኛው ሽቦ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ተገኝቶ በአባይ በረሃ በኩል በአውቶቡስ መጣ። ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉት፣ የተጠማዘዘ፣ ስፋቱ 0.8 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ጥንድ ነው።

አሠራሩን እንዳለ እጽፈዋለሁ፤ ብዙ ጥገና የሚበላሸው እዚህ ነው። የተጎዳውን ብቻ ሳይሆን ማጠፊያውን የሚሻገረውን ሁለቱንም ሽቦ ቀየርኩ፤ ሎውም ነገ ተራው ነበር። መገጣጠሚያዎቹን ከሚታጠፈው ቦታ አርቄ፣ አንዱን ካንዱ አለያይቼ አደረግሁ። በእርሳስ አልበየድኩም፤ በእርሳስ የተበየደ ሽቦ ይደነድናል፣ በድንዳኔው ዳር ደግሞ ይሰበራል። በመግጠሚያ ቱቦ ጨምቄ፣ በላዩ ላይ ሙጫ ያለው፣ ሲሞቅ የሚኮማተር ሽፋን አለበስኩት። ጠምዛዛውን እስከ መገጣጠሚያው አፍ ድረስ ጠበቅሁ። ጠምዛዛው ለጌጥ አይደለም፦ ከዲናሞውና ከሶሌኖይዶቹ የሚመጣው ረብሻ ሁለቱን ሽቦ እኩል ሲነካቸው ተቀባዩ ልዩነታቸውን ብቻ ስለሚያነብ ረብሻው ይጠፋል። አንዱ ከተነጠለ ረብሻው አንዱን ብቻ ይነካል።

እሽጉ ማሽኑ እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ታጥፎ ሳለ ነው የታሰረው፤ ልሉ በቂ መሆኑ የሚታወቀው ያኔ ነው። ጎማ ለበስ መያዣው ወደ ቦታው ተመለሰ።

ልኬት፦ ቀጥ ሲል 60፣ ግራ 60፣ ቀኝ 60። ቁልፍ ተከፍቶ ሃይ ከማሳ 2.7 ቮልት፣ ሎው ከማሳ 2.3። መስመሩ ሲያርፍ ሁለቱም 2.5 ናቸው፤ ሲናገር ሃይ ወደ 3.5 ይወጣል፣ ሎው ወደ 1.5 ይወርዳል፤ መልቲሜትር የሚያሳየው አማካዩን ስለሆነ ድምሩ 5 አካባቢ ከሆነ ይበቃኛል።

ላፕቶፑን ሰክቼ መለያ ቁጥሩ 61444 የሆነውን መልእክት አየሁ። የሞተሩ ዙር ያለው በአራተኛውና በአምስተኛው ባይት ነው፤ ጥሬ ቁጥሩ በ0.125 ይባዛል። 6400 ሲል 800 ዙር ነው፤ ዳሽቦርዱም 800 ይላል። ወገቡ እየታጠፈና እየተዘረጋ መልእክቱ ሳይቆራረጥ ቀጠለ። ባለቤቱ ዘንድ ደውዬ «አትዘዝ» አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና «ሽቦ ብቻ?» አለ። ሽቦ ብቻ፤ የባትሪው ማሳም አለበት።

ቅዳሜ፣ ረፋድ

ኦፕሬተሩ ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ጎን ቦይ እየቆረጡ ነው፤ ወገቡን ከማጠፍ አልሰነፉም። ኮድ አልተመለሰም። መሰላሉ ሁለቱ ባትሪዎች ተፈትተውና ሶኬቶቹ ተነቅለው ተበየደ።

ያልጨረስኩት አለ። የባትሪው ማሳ ኬብል ተፈቀፈቀ እንጂ አልተቀየረም፤ ጫፉ ውስጥ ድረስ ጠቁሯል፣ አዲስ ይመጣል። ከመረጃው መስመር አጠገብ የሚያልፈው የሃይድሮሊክ ሴንሰሮች እሽግም ልሉ ጥቂት ነው፤ ዛሬ አላስቸገረም፣ በሚቀጥለው ሰርቪስ ከመያዣው ይፈታና ይስተካከል። የካቢኑ በር ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ የዛሬውን ልኬት በሦስቱም አቋም ጽፌአለሁ፤ ከሥሩም «በዚህ መስመር ላይ ሬዚስተር ሁለት ብቻ ነው፣ አንዱ ከዳሽቦርዱ ኋላ፣ ሌላው ከሞተሩ በስተግራ» የሚል አለ። ለኦፕሬተሩ የነገርኳቸው አንድ ነገር ነው፦ ማሽኑ ሲታጠብ የግፊት ውኃው ወደ ማጠፊያው ሶኬቶች እንዳይዞር።